ቪፒኤን የማያድንበት ቦታ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ «ኪዳኔ» ጉዳይ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለታሪክ ክፍለ ጊዜ የቤት ሥራ አለበት። ኮምፒውተር ከፈተና ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። በቃ ይኸው ነው። ማንም ልጅ የሚያደርገው ነገር።

ቤቱ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጁ የፈለገው ነገር ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ በተደበቀ ፕሮግራም ተመዘገበ። ፕሮግራሙ የሚያገኘውን የሚያቀብለው ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰርቨር ነበር። ይህ ሁሉ የተጻፈው የልጁ አባት ዋሽንግተን ዲሲ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ባቀረቡት ክስ ላይ ነው። ተከሳሹ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው።

ስለ ኢንተርኔት አፈናና ስለ ግላዊነት ወሬ ሲነሳ ነገሩ ቶሎ ወደ ቪፒኤን ይሄዳል፤ የኢንተርኔት መንገድህን ሸፍኖ በሌላ ሰርቨር በኩል ወደሚያሳልፈው ፕሮግራም ማለት ነው። «የቱ ይሻላል?» «ነፃው ይሠራል?» እኔንም ሰው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የዚህ ቤተሰብ ጉዳይ ቪፒኤን ምንም በማይፈይድበት ቦታ ላይ የሆነ ስለሆነ ከሥሩ ላውራው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባትየውን «ኪዳኔ» እንበላቸው። የፍርድ ቤቱ መዝገብም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። እውነተኛ ስማቸው አይደለም። በራሳቸውና በዘመዶቻቸው ላይ መዘዝ እንዳይመጣ ሰግተው በሌላ ስም ለመክሰስ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው። ተወልደው ሠላሳ ዓመት ያህል የኖሩት ኢትዮጵያ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ጥገኝነት ሰጠቻቸው፤ ኋላ ዜጋ ሆኑ። ሲልቨር ስፕሪንግን እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ ክትፎውም ቡናውም ለቅሶውም እዚያ አለ። ኪዳኔም ከሐበሻው ያልራቁ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ስላለው ሙስናና ስለ ሰብዓዊ መብት ድምፅ ከሚያሰሙ ሰዎች ጋር ይገናኙ ነበር።

ስለላው በጀመረበት በ2012 አገር ቤት የነበረውን እናስታውስ። ኢንተርኔት የሚያቀርበው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው። የተቃዋሚ ድረ ገጾችና ብሎጎች ይዘጋሉ። ሰው የተዘጋውን ገጽ በሌላ ኮምፒውተር በኩል በሚያስከፍት ፕሮክሲ ይገባል፣ ፕሮክሲው ይዘጋል፣ ሌላ ይፈልጋል። በግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ ቶር መሥራት አቆመ። ቶር የተጠቃሚውን ማንነትና የሚሄድበትን ገጽ የሚደብቅ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የቶር ባለሙያዎች ሲመረምሩት በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን መረጃ አንድ በአንድ እየፈተሸ የቶርን ብቻ ለይቶ የሚቆርጥ ቴክኖሎጂ እንደገባ አዩ። አንድ አቅራቢ ብቻ ባለበት አገር ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሁሉም የሚያልፈው በአንድ በር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግን እንዲህ ያለ በር የለም። የኪዳኔን ኢንተርኔት ከአዲስ አበባ መዝጋት አይቻልም። ሰውየው የሚያወሩትን ማወቅ የፈለገ ያለው አማራጭ ቤታቸው ገብቶ መስማት ነው።

መግቢያው ኢሜይል ሆነ። እንደ ክሱ ከሆነ በ2012 መገባደጃ አካባቢ አንድ የሚያውቁት ሰው ኢሜይል ፎርዋርድ አደረገላቸው፣ አታችመንት ያለው። የዎርድ ፋይል ነበር። ከፈቱት። የላኩት ሰው ምንም አላጠፉም፣ የደረሳቸውን ነው ያሳለፉት። እኛ ሰዎች ደግሞ ማሳለፍ እንወዳለን። ፀሎትም፣ የለቅሶ ማስታወቂያም፣ የፖለቲካ መግለጫም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ነው የሚኖረው። ይህን የሚያውቅ ሰው ወጥመዱን ለአንድ ሰው ይልክና ቀሪውን ሥራ ለእኛ ይተወዋል።

ፋይሉ የጫነው ፊንስፓይ የሚባል ሰላይ ሶፍትዌር ነው። ፊንፊሸር በሚል ስም ይሸጥ የነበረው የጋማ ኩባንያ ምርት አንዱ አካል ነው። ኩባንያው የብሪታንያና የጀርመን ሥር አለው፤ ዕቃውን የሚሸጠው ለመንግሥታት ብቻ እንደሆነ ይናገር ነበር። አንድ ጊዜ ከገባ ሚስጥር ቃል ይሰበስባል፣ የምትጽፈውን ፊደል በፊደል ይቀዳል፣ ስክሪንሹት ያነሳል፣ ማይክሮፎኑንና ካሜራውን ባለቤቱ ሳያውቅ ያበራል። የስካይፕ ጥሪ ይቀዳል። በኪዳኔ ኮምፒውተር ላይ ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 እንደቆየ ክሱ ይገልጻል። በደርዘን የሚቆጠሩ የግል ጥሪዎች ተቀድተዋል። ኢሜይሎችና ፍለጋዎችም እንዲሁ። የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ አባትየው ብቻ ስላልነበሩ የቤተሰቡም ነገር አብሮ ሄደ። የቤት ሥራውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ስካይፕ በዚያን ጊዜ ጥሪን በምስጠራ ነበር የሚልከው። ድምፅህ ከቤትህ ወጥቶ ወዳጅህ ዘንድ እስኪደርስ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሊሰማው አይችልም። ስደተኛውም ጋዜጠኛውም ስካይፕን ያምን የነበረው ለዚህ ነው። ፊንስፓይ ግን መንገድ ላይ አይጠብቅም። ድምፁ ከመመስጠሩ በፊት ማይክሮፎኑ ዘንድ ነው ያለው። የወዳጅህ ድምፅም ሲደርስ፣ ምስጠራው ተፈትቶ ወደ ስፒከሩ ሲሄድ፣ ፊንስፓይ እዚያው ነው።

ቪፒኤንም የሚሠራው መንገዱ ላይ ነው። ከመሣሪያህ እስከ ቪፒኤኑ ሰርቨር ድረስ ያለውን ይሸፍናል። ለዚህ ደግሞ ጥሩ ነው፤ የተዘጋ ገጽ ያስከፍታል፣ የኢንተርኔት አቅራቢህ የምትጎበኘውን እንዳያይ ያደርጋል። መሣሪያው ራሱ የተያዘ ጊዜ ግን ሌባው አልጋ ሥር ተኝቶ ሳለ የግቢውን በር እንደ መቆለፍ ነው። ኪዳኔ በዓለም ላይ ምርጡን ቪፒኤን ቢገዙ ኖሮ ፊንስፓይ የቀዳውን በዚያው ቪፒኤን ውስጥ አሳልፎ ይልከው ነበር።

ታዲያ እንዴት ተነቃበት?

ነገሩ ከባሕሬን ይጀምራል። በሐምሌ 2012 ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ ዲጂታል ስለላን የሚመረምረው ሲቲዝን ላብ የባሕሬን ተቃዋሚዎች የደረሳቸውን ፋይል መርምሮ ፊንስፓይ እንደሆነ አሳወቀ። ቀጥሎ በነሐሴ ራፒድ ሰቨን የተባለው ኩባንያ ተመራማሪ ክላውዲዮ ጓርኒየሪ አንድ አስቂኝ ነገር አገኘ። የፊንስፓይ ሰርቨር ድንገት ሲያናግሩት «ሃሎ ሽቴፊ» ብሎ ይመልሳል። በጀርመንኛ «ሰላም ሽቴፊ» ማለት ነው። ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው ረስቶት ይሁን ለቀልድ እንጃ፤ ብቻ በድብቅ እንዲሠራ የተፈጠረ ሰርቨር ለጠየቀው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። ጓርኒየሪ ኢንተርኔቱን ዞሮ ሰላምታ የሚመልሱትን ለቀመ። ከተገኙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ሰላምታው ወዲያው እንዲጠፋ ተደረገ። ሲቲዝን ላብ ግን ሌላ መለያ አግኝቶ ፍለጋውን ቀጠለና መጋቢት 13 ቀን 2013 ሪፖርቱን አወጣ። በ25 አገሮች የፊንስፓይ ሰርቨሮች ተገኝተዋል። የኢትዮጵያው በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነው። አብሮ የተገኘ አንድ ማጥመጃ ፋይልም ነበር፤ የግንቦት ሰባት አባላትን ፎቶ የሚያሳይ። ግንቦት ሰባት በ2011 በኢትዮጵያ ፓርላማ አሸባሪ ተብሎ የተፈረጀ ድርጅት ነው። ፎቶ መስሎ የሚታየውን የከፈተ ሰው ፎቶውን ያያል፣ ከኋላ ፊንስፓይ ይጫናል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሪፖርቱ በወጣ በቀናት ውስጥ የኪዳኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፊንስፓይ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። ግን በቅጡ አልተሳካለትም። ቅሪት ትቶ ሄደ። ኮምፒውተሩ ሲመረመር ቅሪቱ ተገኘ፣ የጥሪዎቹና የፍለጋዎቹ ምዝገባ ዱካ ተገኘ፣ ይገናኘው የነበረው የኢትዮጵያ ሰርቨርም በሪፖርቱ ላይ የተጠቀሰው ሆነ። ኪዳኔ ደንግጠው ኮምፒውተሩን ፎርማት ቢያስደርጉት ኖሮ ክስ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

የካቲት 2014 ክሱ ገባ። ከጎናቸው የቆመው ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የዲጂታል መብት ድርጅት፣ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። ሁለት ሕግ ጠቀሱ። አንደኛው የሰውን ንግግር ጠልፎ መቅዳትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ነው። ሁለተኛው የሰውን የግል ሕይወት ሰብሮ መግባትን በጥፋት የሚያይ የሜሪላንድ ሕግ ነው። አንድ ሰው ሜሪላንድ ሄዶ የኪዳኔን ስልክ በሽቦ ቢጠልፍ ወንጀል መሆኑ አያከራክርም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ጠበቆች አመኑም አላመኑም ማለት አይቻልም፣ ክርክሩ እዚያ ድረስ አልሄደምና። እነሱ ያሉት «እኛን ይህ ፍርድ ቤት ሊዳኘን አይችልም» ነው። አሜሪካ በ1976 ያወጣችው የውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ አለ። በመርህ ደረጃ ሌላ መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት አይከሰስም። ግን የተወሰኑ በሮች ክፍት ናቸው። አንዱ በር የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ምድር በሰው ወይም በንብረት ላይ ጉዳት ሲያደርስ የሚከፈተው ነው፤ የኛ ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚለው ዓይነት። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ሲጽፉ በዋናነት ያሰቡት የኤምባሲ መኪና ሰው ቢገጭ ምን ይደረጋል የሚለውን ነበር። በ1976 አታችመንት የት ነበረና።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ሆነ፦ ስለላው የተፈጸመው የት ነው? ኪዳኔ «ቤቴ ውስጥ ነው» አሉ። ኮምፒውተሩ ያለው ሜሪላንድ፣ ፋይሉ የተከፈተው ሜሪላንድ፣ የተቀዳው ድምፅ የወጣው ሜሪላንድ። መንግሥት ደግሞ «የተባለው ሁሉ እውነት ነው ብንል እንኳ ፕሮግራሙ የተላከውም የታዘዘውም ከውጭ ነው» አለ።

በግንቦት 2016 ዳኛ ራንዶልፍ ሞስ ክሱን ዘጉት። ይግባኝ ተባለ። መጋቢት 14 ቀን 2017 የዲሲው የይግባኝ ፍርድ ቤት አጸናው። ምክንያቱ አጭር ነው፦ ጥፋቱ «በሙሉ» አሜሪካ ውስጥ መፈጸም አለበት። በኪዳኔ ጉዳይ ላይ ሐሳቡ የተፀነሰው ውጭ ነው፣ ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ውጭ ነው፣ አታችመንቱ ሲከፈት አሜሪካ ውስጥ ቢፈጸምም የጀመረው ውጭ ነው። ስለዚህ በሩ አይከፈትም።

ኪዳኔ የጠቀሱት አንድ የቆየ ጉዳይ ነበር። በ1976 ኦርላንዶ ሌተሊየር የተባሉ የቺሊ የቀድሞ ሚኒስትር ዋሽንግተን ውስጥ መኪናቸው ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደሉ። ያኔ ቺሊን መክሰስ ተፈቅዷል። ያም የታቀደው ውጭ ነው፣ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የፍርድ ቤቱ መልስ፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ የተደረገው ነገር የውጩ ሳይጨመርበት በራሱ ጥፋት ነበር የሚል ነው። ቦምቡን ያጠመደው ሰው እዚያ ተገኝቶ ነው ያጠመደው። ግልጽ ላድርገው፦ ሰላዩን በሰው ከላከው ይከሰሳል፣ በኢሜይል ከላከው አይከሰስም። እኔ ሕግ አልተማርኩም። ግን ይህ ውሳኔ ለማንኛውም መንግሥት ርካሹንና ደህናውን መንገድ ያመለከተ ነው የሚመስለኝ። የኪዳኔ ጠበቆችም በዚህ ሕግ አንድ የውጭ መንግሥት መኪናህን በኢንተርኔት ጠልፎ ገደል ቢከትህ እንኳ የምትከስበት ቦታ የለህም ብለው ነበር።

ኪዳኔ ሲከራከሩ በነበሩበት ጊዜ ሌሎችም ተራቸው ደርሶ ነበር። በታኅሣሥ 2013 የኢሳት ሠራተኞች በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው። የላከው አካውንት የሚያውቁት ሰው ነው። ሲቲዝን ላብ ሲመረምረው ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ። በሐምሌ 2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና 400 ጊጋባይት መረጃው ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበር በውስጡ ታየ። በ2016 እና በ2017 ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ሶፍትዌር ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ ባሉ ሰዎች ላይ ሲሞከር ተደረሰበት። ያኔ ማጥመጃው «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ አፕዴት አድርግ» የሚል ሐሰተኛ ገጽ ነበር። ሦስት ጊዜ፣ ሦስት የተለያየ ኩባንያ። የተጠቂው ድርሻ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የመጣለትን መክፈት።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ በ2023 ራሴ ልወድቅ ነበር። የካቲት ላይ በቤተ ክህነቱ ጉዳይ ሰበብ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩትዩብ አገር ቤት ሲዘጉ፣ እገዳው አምስት ወር ያህል ቆየ። ሰው ሁሉ ቪፒኤን ላይ ተረባረበ። አክስቴ በዋትሳፕ አንድ ፋይል ላከችልኝ። «ይሄኛው አሪፍ ነው፣ የሠፈር ልጆች ናቸው የሰጡኝ፣ ለእማማም ላክላት» አለችኝ። ኤፒኬ ፋይል ነው፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ፤ ከፕሌይ ስቶር ያልመጣ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ። እኔም ላስተላልፈው ስል ጣቴን ሰበሰብኩ። «እቴቴ፣ ይሄን ማን ሠራው?» ብዬ ብጠይቃት «አንተ ደግሞ፣ ሲሠራ አይደል ወይ?» አለችኝ። መልሷ እውነት ነው፣ ይሠራ ነበር። ፊንስፓይን የጫነው የዎርድ ፋይልም ሲከፈት ይከፈታል።

በቪፒኤን የምታጠፋው ዓይን የለም፤ ዓይኑን ከኢንተርኔት አቅራቢህ ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ነው የምታዛውረው። ባለቤቱ ካልታወቀ ማን እያየህ እንደሆነ አታውቅም ማለት ነው። የተዘጋ ዜና ለማንበብ ብቻ ከሆነ እንደ ሳይፎን ያሉ አፈናን ለማለፍ ተብለው የተሠሩትን፣ ወይም ቶርን፣ ከራሳቸው ገጽ ወይም ከፕሌይ ስቶር ማውረድ ይበቃል። አክስቴ የምትፈልገው ይህን ነበር፣ አወረድኩላት።

ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ ወይም ፖለቲካ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሐሳቡ ከቪፒኤን ማለፍ አለበት። ፎርዋርድ የተደረገ ፋይል ሲመጣ ለላኪው ደውሎ «ይሄን ራስህ ነህ የጻፍከው?» ማለት ያሳፍራል፣ ግን ይሠራል። የኪዳኔ ወዳጅ ቢጠየቁ «ኧረ እኔም ተልኮልኝ ነው» ይሉ ነበር። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከማውረድ እዚያው ጂሜይል ውስጥ ማየት ይሻላል። አፕዴት ሲመጣ ቶሎ ማድረግ፤ አፕዴቱ ግን ከስልኩ ሴቲንግ እንጂ ከአንድ ድረ ገጽ አይመጣም። ልጆች የሚማሩበትና እርስዎ ምንጭዎን የሚያናግሩበት ኮምፒውተር አንድ ባይሆን ጥሩ ነው። ብዙ ቤት ይህ ቅንጦት እንደሆነ አውቃለሁ። እናም ነገር ከጠረጠሩ አያጥፉት፣ ፎርማት አያድርጉት፤ ከኢንተርኔት ነቅለው ያስቀምጡት። እንደ አክሰስ ናው ያሉ ድርጅቶች ለመብት ተሟጋቾችና ለጋዜጠኞች ቀን ከሌሊት የሚሠራ የእርዳታ መስመር አላቸው።

በ2018 ብዙ ነገር ተለወጠ። በሰኔ 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ፣ በሐምሌ ግንቦት ሰባት ከአሸባሪ ዝርዝር ወጣ። ኪዳኔን ያሸነፈው የአሜሪካ ውሳኔ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ለንደን ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ሁለት የባሕሬን ተቃዋሚዎች እዚያው ሆነው በፊንስፓይ ተሰልለናል ብለው ባሕሬንን ከሰሱ። ባሕሬንም እንደ ኢትዮጵያ «ከውጭ ነው፣ አልከሰስም» አለች። በ2023 ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም፤ ኮምፒውተሩ ያለው እንግሊዝ ከሆነ የተፈጸመው እንግሊዝ ነው አለ። በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጸናው። ሶፍትዌሩ ያው ነው፣ ክርክሩ ያው ነው፣ ኪዳኔ ዋሽንግተን ላይ ያሉትንም ነው ለንደን የተቀበለው።

ፊንፊሸር በ2022 ከስሮ ተዘጋ። በ2023 የሙኒክ ዓቃቤ ሕግ አራት የቀድሞ ኃላፊዎቹ ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ ያለ ፈቃድ ለቱርክ ስለተሸጠ ሶፍትዌር ነው። ስለ ሲልቨር ስፕሪንጉ ኮምፒውተር አይደለም።